ጥቂቶች ባጠፉት ሁሉም ሲፈረጁ፦ ወጣቶችን የመፍራት አመጣጥና መዘዝ

ፍርሃትና አደጋ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ከሚያሳዩ ነገሮች መካከል ወንጀልን በሚመለከት በተለያዩ አገሮች የተደረጉ የሕዝብ መጠይቆች ይገኙበታል። በምሽት ከቤት መውጣትን አብዝተው የሚፈሩት ብዙውን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሲሆኑ፣ በመንገድ ላይ ጥቃት በብዛት የሚደርስባቸው ግን ራሳቸው ወጣቶች፣ በተለይም ወጣት ወንዶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አኃዞች እንደሚያመለክቱት በዓለም ላይ በሰው እጅ ከሚገደሉት መካከል 40 በመቶ ያህሉ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ውስጥ ያሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ወጣትና ወንጀል አብረው ሲነሱ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ተጎጂው ወጣት ሳይሆን ወደ አጥቂው ነው። ይህ መዛባት ከየት እንደሚመጣ፣ በምን እንደሚባባስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍርሃቱ ሕግና ደንብ ሆኖ ሲወጣ የተፈራውን ነገር ራሱ እንዴት እንደሚያመጣ መረዳት ወላጅም፣ መምህርም፣ ፖሊስም፣ ዜና አዘጋጅም ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው።

የሚፈሩትን አረጋውያን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ጎረምሳው በማግስቱ የሚረሳው ግፊያ ጉልበቱ የደከመውን ሰው ለወራት አልጋ ላይ ሊያውለው ስለሚችል፣ ለጥንቃቄው በቂ ምክንያት አለ። ጥያቄ የሚያስነሳው ጥንቃቄው ማን ላይ እንደሚያነጣጥርና ምን ማስረጃ ይዞ እንደሚያነጣጥር ነው።

ለወጣቶች ጥብቅና ለመቆም ሲባል ደግሞ ከሌላው የዕድሜ ክልል የበለጠ ጥፋት አይፈጽሙም ብሎ መከራከር ከእውነት ጋር ያጋጫል። ቤልጅየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1831 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይን የፍርድ ቤት አኃዞች መርምሮ ወንጀል ከዕድሜ ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተሰበሰቡ መረጃዎችም ተመሳሳይ ቅርጽ አላቸው፤ ጥፋቱ በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ በፍጥነት ይጨምራል፣ በአሥራዎቹ መጨረሻ ወይም በሃያዎቹ መጀመሪያ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያም ሥራ፣ ትዳር፣ ኃላፊነትና የአእምሮ መብሰል እየተደራረቡ ሲመጡ አብዛኞቹ ማንም ሳያስቆማቸው ያቆማሉ።

ስሌቱ የሚዛባው ከዚህ ቀጥሎ ነው። «ጥፋተኞች በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው» የሚለው አባባል እውነት ሊሆን ይችላል። «ወጣቶች በአብዛኛው ጥፋተኞች ናቸው» የሚለው ግን ፈጽሞ ሌላ አባባል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ በጆሮ ሲሰሙ ስለሚመሳሰሉ አንዱ የሌላውን ቦታ በቀላሉ ይወስዳል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት የወንጀል ጥናት ባለሙያው ማርቪን ዎልፍጋንግና ባልደረቦቹ በ1972 ያሳተሙትን ሥራ መመልከት ይበቃል። አጥኚዎቹ በ1945 የተወለዱና በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ ያደጉ 9,945 ወንዶች ልጆችን መዝገብ እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ ተከታተሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ በፖሊስ መዝገብ ላይ አንድም ጊዜ ስማቸው አልሰፈረም። ስማቸው ከሰፈረው መካከልም አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ያጠፉት 627 ብቻ ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው ልጅ ስድስት በመቶ ገደማ የሚሆኑት እነዚህ ከተመዘገበው ጥፋት ሁሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ፈጽመዋል። በከተማዋ ጎዳና ላይ የሚያልፍ ሰው ግን እነዚያን 627 ልጆች ከቀሩት የሚለይበት ምልክት አልነበረውም፤ ማየት የሚችለው ዕድሜያቸውን፣ አለባበሳቸውንና በቡድን መቆማቸውን ነው። ስለዚህ የጥቂቶቹ ጥፋት በሁሉም ላይ ይነበባል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት በ1993 ያቀረበችው ትንታኔ ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያብራራል። በእሷ አመዳደብ መሠረት ከልጅነታቸው ጀምረው እስከ ጉልምስና ድረስ በጥፋት የሚዘልቁ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ እጅግ የሚበዙት ግን ከዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር ሆነው ለጥቂት ዓመታት ደንብ የሚተላለፉና ከዚያ የሚተዉ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሁለቱ ወገኖች በውጫዊ ምግባራቸው ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምላሽ መስጠት ታዲያ በቅርቡ ሊያቆም የነበረውን ልጅ ከማያቆመው ጋር መደመር ይሆናል።

የሰው አእምሮም ለዚህ ዓይነቱ ስህተት የተመቸ ነው። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1973 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰዎች አንድ ነገር ምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ የሚገምቱት ምሳሌው በምን ያህል ፍጥነት ትዝ እንደሚላቸው በመመልከት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያደረ ልጅ፣ ታናሽ እህቱን ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ ጎረምሳ፣ የታመመች እናቷን የምታስታምም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ዜና አይሆኑም፤ ስልክ ነጥቆ የሮጠው ግን ይሆናል፣ ያየውም ሰው ለሳምንት ያወራዋል። በዚህ ላይ አንድ አድልዎ ይጨመርበታል። የአርባ አምስት ዓመት ሰው የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ቢመዘብር ጥፋቱ የሚቆጠረው በራሱ ላይ ነው፤ «የአርባ አምስት ዓመት ሰዎች እንዲህ ሆኑ» የሚል አይሰማም። የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅ ሲያጠፋ ግን ጥፋቱ ለዕድሜው ይሰጣል፤ «የዘንድሮ ልጆች» ይባላል።

ይህ «የዘንድሮ ልጆች» የሚለው ስሞታ በየትውልዱ ሲሰማ የኖረ መሆኑ ራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆነን ይገባል፤ እያንዳንዱ ትውልድ በእርግጥ ከቀደመው የከፋ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ ማኅበር እስከ ዛሬ ባልቆመ ነበር። ጆን ፕሮትዝኮና ጆናታን ስኩለር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2019 ከ3,000 በላይ አሜሪካውያን ጎልማሶችን ጠይቀው ያገኙት ውጤት ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ለሥልጣን መታዘዝን አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች የዛሬ ልጆች ታላላቆቻቸውን አያከብሩም ብለው አብዝተው ያማርራሉ፤ ብዙ የሚያነቡ ሰዎች ደግሞ የዛሬ ልጆች ማንበብ አይወዱም ይላሉ። ይህም ማለት እያንዳንዱ ሰው ራሱ በሚበልጥበት ነገር ልጆቹን ያንሳሉ ብሎ ያያቸዋል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ሰው ወጣትነቱን ሲያስታውስ የሚያስታውሰው ዛሬ ያለውን ራሱን ነው፤ ዛሬ አንባቢ የሆነ ሰው በልጅነቱም እሱና እኩዮቹ አንባቢ የነበሩ ይመስለዋል። እንዲያውም በአንዱ ሙከራ ላይ ተሳታፊዎቹ በንባብ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት እንዳመጡ ሲነገራቸው፣ ስለ ዛሬ ልጆች ንባብ የነበራቸው ወቀሳም ለዘብ አለ። ልጆቹ ምንም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ተሳታፊው ስለ ራሱ ያለው ግምት ነበር።

የግለሰብ ግምት ወደ ሕዝብ ድንጋጤ የሚያድገው እንዴት እንደሆነ የተጠናበት የታወቀ አጋጣሚ በ1964 የፋሲካ በዓል ሰሞን በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በክላክተን የደረሰው ነው። አየሩ ቀዝቃዛና ዝናባማ ነበር፤ ከተማዋን የሞሉት ወጣቶች የሚያደርጉት ነገር አልነበራቸውም፤ በሞተር ሳይክልና በስኩተር እየተሽከረከሩ፣ እየተገፋፉ፣ ጥቂት መስኮቶችንና የባሕር ዳርቻ ጎጆዎችን ሰባበሩ። በማግስቱ ጋዜጦች የሽብር ቀን እንደዋለ ጻፉ። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ስታንሊ ኮኸን ጉዳዩን እስከ ሥሩ ሲመረምር ያገኘው ዝርዝር እስከ ዛሬ የሚያስተምር ነው። በባሕሩ ዳርቻ ያሉ የዳንስ አዳራሾች ሁሉ መስኮታቸው ተሰባበረ ተብሎ ተዘግቦ ነበር፤ ከተማዋ ግን የነበራት አንድ የዳንስ አዳራሽ ብቻ ነበር፣ ከእሱም የተሰበሩት ከመስኮቶቹ ጥቂቶቹ ነበሩ። አንድ ነገር በብዙ ቁጥር ስለተጻፈ ብቻ የአንድ ቤት ጉዳት የከተማ ውድመት መሰለ።

ኮኸን በ1972 ባሳተመው በዚህ ጥናቱ ያመለከተው ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ከዘገባው በኋላ በሌሎች የባሕር ዳርቻ ከተሞች ፖሊስ በብዛት ተሰማራ፣ ጋዜጠኞችም ካሜራቸውን ይዘው ተሰለፉ፣ ወጣቶቹም ግርግር ይኖራል ሲባል ሰምተው ለማየት መጡ። ቀደም ሲል ልል የነበረው የሁለቱ የወጣት ወገኖች፣ ስኩተር የሚነዱት ሞዶችና ሞተር ሳይክል የሚነዱት ሮከሮች፣ ልዩነትም ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ጠነከረ። ዘገባው ግርግሩን ከመግለጽ አልፎ ለቀጣዩ ግርግር ቦታና ተዋናይ አዘጋጀ ማለት ነው።

ከዚህ እጅግ የከፋ ዋጋ ያስከፈለው ድንጋጤ ግን በ1990ዎቹ በአሜሪካ የታየው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚያች አገር በወጣቶች የሚፈጸም ግድያ በእርግጥ ጨምሮ ነበርና ስጋቱ ከምንም የተነሣ አልነበረም። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጆን ዲሉሊዮ በኅዳር 1995 ባወጣው ጽሑፍ ርኅራኄ የሌላቸው፣ ስለ ነገ የማያስቡ «ልዕለ አዳኝ» ልጆች ትውልድ እየመጣ መሆኑን አስጠነቀቀ። መከራከሪያው ቀላል ነበር፤ የወንዶች ልጆች ቁጥር ይጨምራል፣ ከእነሱም የተወሰነው በመቶ አደገኛ ይሆናል፣ ስለዚህ በ2000 ዓመት በጎዳና ላይ ቢያንስ 30,000 ተጨማሪ ነፍሰ ገዳዮች፣ አስገድዶ ደፋሪዎችና ዘራፊዎች ይኖራሉ። ቃሉን ፖለቲከኞችና የመገናኛ ብዙኃን ተቀባበሉት።

ትንቢቱ በተነገረበት ጊዜ ግን ወንጀሉ መውረድ ጀምሮ ነበር። በወጣቶች የሚፈጸመው የኃይል ወንጀል ጣሪያ የነካው በ1994 አካባቢ ሲሆን፣ የተጠበቀው ማዕበል ይመጣል በተባለበት በ2000 በወጣቶች የሚፈጸመው ግድያ ከግማሽ በላይ ወርዶ ነበር። የልጆቹ ቁጥር እንደተባለው ጨመረ፤ ጥፋቱ ግን ቀነሰ። ከትንቢቱ የቀረው ሕጉ ነው። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ከ40 በላይ የአሜሪካ ግዛቶች ልጆችን እንደ አዋቂ ከስሶ ወደ አዋቂዎች ፍርድ ቤትና ወህኒ ቤት መላክን የሚያቀል ሕግ አወጡ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2007 ያሳተመው ግምገማ እንዳረጋገጠው፣ ወደ አዋቂዎች የፍትሕ ሥርዓት የተላኩ ልጆች ከተለቀቁ በኋላ በልጆች ሥርዓት ከቆዩት እኩዮቻቸው ይልቅ የኃይል ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ዲሉሊዮ ራሱ ትንበያው ስህተት እንደነበር አምኗል። በ2012 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ያጠፉ ልጆችን ያለ ምርጫ በአመክሮ በማይለቀቁበት የዕድሜ ልክ እስራት መቅጣትን የሚያስገድዱ ሕጎችን ሲሽርም፣ ትንበያው አለመድረሱን ለፍርድ ቤቱ ካስረዱት ምሁራን አንዱ እሱ ነበር። ስህተትን ማመን የሚያስከብር ነው፤ በሕጉ ተቀጥተው ወጣትነታቸውን በወህኒ ቤት ላሳለፉት ግን ዘግይቶ የደረሰ እምነት ነበር።

ፍርሃቱ በሁሉም ወጣት ላይ እኩል አያርፍም፤ ደሃው፣ ስደተኛው፣ በቆዳው ቀለም ወይም በመጣበት ሰፈር የሚለየው ልጅ ድርሻው ይበዛል። በ1989 በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በአንዲት ሴት ላይ በተፈጸመ አሰቃቂ ጥቃት ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች ተያዙ። ጋዜጦች እንደ አውሬ መንጋ ሣሏቸው። ጥፋተኛ ተብለው ለዓመታት ከታሰሩ በኋላ በ2002 እውነተኛው ጥቃት ፈጻሚ ሲናዘዝና የዘር ቅንጣት ምርመራውም ሲያረጋግጥበት ፍርዱ ተሻረ። በ2014 የወጣ የአሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ በወንጀል የተጠረጠሩ ጥቁር ልጆች ከእውነተኛ ዕድሜያቸው በአማካይ ከአራት ዓመት በላይ ትልቅ ተደርገው እንደሚገመቱ አሳይቷል። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ እንደ አሥራ ስምንት ዓመት ሰው ሲታይ፣ ለልጅ የሚሰጠው ይቅርታ በዚያው ይቀርበታል።

ፍረጃ ሁልጊዜ በፍርድ ቤት አይመጣም፤ አንዳንዴ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አነስተኛ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። በ2005 በዌልስ አንድ ሰው ወጣቶችን ከሱቅ ደጃፍ ለማባረር የሚያገለግል ድምፅ አውጪ መሣሪያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙም ሞስኪቶ ይባላል። ሰው ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ቀጭን ድምፅ የመስማት ችሎታው እየቀነሰ ይሄዳል። መሣሪያው የሚያወጣው 17 ኪሎኸርትዝ ገደማ የሆነ ድምፅ ስለዚህ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ለሆነው ሰው በአብዛኛው አይሰማም፤ ለወጣቱ ግን ጆሮ የሚበሳ ነው። ሳጥኑ አጥፊውን ካላጠፋው አይለይም። ዳቦ ሊገዛ የመጣውን ተማሪ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ልጅ፣ በእናቱ ጀርባ ያለውን ጨቅላ ሁሉ እኩል ያሠቃያል፤ ጨቅላው ደግሞ የሚያስለቅሰው ምን እንደሆነ መናገር አይችልም፣ እናቱም አትሰማውም። የአውሮፓ ምክር ቤት የፓርላማ ጉባኤ በ2010 እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በሕዝብ መገልገያ ቦታ እንዲታገዱ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቧል። በሌላ በማንኛውም የኅብረተሰብ ክፍል ላይ፣ ለምሳሌ በአረጋውያን ላይ ብቻ የሚሠራ የሚያሳምም መሣሪያ በሱቅ በር ላይ ቢሰቀል የሚነሣውን ቁጣ መገመት አያዳግትም።

አንድ ልጅ «ዱርዬ» ወይም «ቦዘኔ» ተብሎ ሲጠራ ምን ይሆናል? ስሙ ከወጣበት በኋላ መምህሩ፣ ጎረቤቱና ፖሊሱ ከሌሎቹ ይበልጥ እሱን ይከታተሉታል፤ ስለሚከታተሉትም ሌላው ሲያደርገው የሚታለፈው ጥፋት በእሱ ላይ ይገኛል። ጨዋ ልጆች ወላጆቻቸው ስለሚከለክሏቸው ይርቁታል፤ የሚቀሩለት ጓደኞች እንደ እሱ ስም የወጣላቸው ይሆናሉ። ሥራ ሲፈልግ መዝገቡ ይቀድመዋል። በስኮትላንዷ ኤድንበርግ በ1998 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመሩ 4,300 ያህል ልጆችን ለዓመታት የተከታተሉት ሌስሊ ማካራና ሱዛን ማክቪ ይህንኑ በአኃዝ አግኝተውታል። ፖሊስና የልጆች ጉዳይ አካላት አስቀድመው የሚያውቋቸውን ልጆች ደጋግመው ሲይዙ፣ የጥፋታቸው መጠን ተመሳሳይ የሆነ ሌሎች ልጆች ግን ሳይነኩ ያልፉ ነበር። ወደ ሥርዓቱ ጠልቀው የገቡትም በጥፋትም ሆነ በኑሮ ሁኔታ ከሚመሳሰሏቸው ነገር ግን ካልገቡት እኩዮቻቸው ያነሰ መሻሻል አሳይተዋል።

ልጅን በማስፈራራት ማረም ይቻላል የሚለው እምነትም ተፈትሿል። ወደ ጥፋት ያዘነበሉ ልጆችን ወህኒ ቤት ወስዶ እስረኞች እንዲጮኹባቸውና እንዲያስፈራሯቸው የሚያደርግ ፕሮግራም በ1970ዎቹ በአሜሪካ ተጀምሮ እጅግ ተወዶ ነበር። ልጆችን በዕጣ ለይተው ያነጻጸሩ ዘጠኝ ሙከራዎች በአንድ ላይ ሲመረመሩ ግን ፕሮግራሙን የተካፈሉት ልጆች ካልተካፈሉት የበለጠ ጥፋት ፈጽመው ተገኝተዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የወጣት ጥፋትን ስለመከላከል በ1990 ባጸደቀው የሪያድ መመሪያም፣ አንድን ወጣት «ወንጀለኛ» ወይም «ወደ ወንጀል የሚያዘነብል» ብሎ መሰየም ብዙ ጊዜ ያንኑ ምግባር በእሱ ላይ እንደሚያጸና ባለሙያዎች የሚስማሙበት መሆኑን አስፍሯል።

ይህ ማለት ያጠፋ ልጅ አይጠየቅ ማለት አይደለም። የተደበደበ ሰው ካሣ፣ የተሰረቀ ሰው ንብረቱን የማግኘት መብት አለው፤ ደጋግመው በኃይል የሚያጠቁትን ጥቂቶች በተመለከተም ኅብረተሰቡ ራሱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ተጠያቂነቱ በተፈጸመው ድርጊትና በፈጸመው ሰው ላይ መሆን አለበት። የመጀመሪያ ወይም ቀላል ጥፋት ያጠፉ ልጆችን ከ7,000 በላይ ያካተቱ 29 ሙከራዎችን የገመገመ በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ልጆችን በመደበኛው የክስ ሂደት ማሳለፍ ጥፋትን አይቀንስም፤ በተለይም ከክስ ይልቅ ወደ ምክርና ድጋፍ አገልግሎት ከተላኩት ጋር ሲነጻጸር የተከሰሱት ይበልጥ ወደ ጥፋት ይመለሳሉ።

ዜና የሚያነብ ሰውም የራሱ ድርሻ አለው። «ወጣቶች ዘረፉ» የሚል ርዕስ ሲያይ ስንት ወጣቶች፣ ከስንት ውስጥ፣ ካለፈው ዓመት ጨምሮ ነው ወይስ ቀንሶ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ በብዙ ቁጥር የተጻፈው ነገር አንድ ቤት፣ አንድ መስኮት፣ ሁለት ልጆች ሊሆን ይችላል። አጥፊው አርባ ዓመት ቢሆነው ኖሮ ዕድሜው ይጻፍ ነበር ወይ ብሎ መመርመርም ይጠቅማል። አዘጋጁ ደግሞ በሰፈሩ ስለሚነገሩት ልጆች ሲጽፍ ልጆቹን ራሳቸውን ማነጋገር ይገባዋል። የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 ሲጸድቅ በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ የፀጥታው ምክር ቤትም በታኅሣሥ 2015 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2250 ወጣቶች ሰላምን በማስከበር ረገድ ያላቸውን ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን በቻለ ውሳኔ እውቅና ሰጥቷል። በብዙ ቦታ ግን የወጣቶች ማዕከል የት ይከፈት፣ መጫወቻ ሜዳው እስከ ስንት ሰዓት ይብራ፣ ምሽት ላይ የት መቀመጥ ይፈቀድ የሚለው ዛሬም የሚወሰነው እነሱ በሌሉበት ስብሰባ ነው፤ ስብሰባው ካለቀ በኋላም መሄጃ ያጣው ልጅ መንገድ ዳር ሲቆም፣ መቆሙ ራሱ እንደ ጥፋት ይቆጠርበታል።